ትንበያው ሐሙስ ይዘንባል ይላል፣ ገብሱን ቶሎ እናንሳ ወይስ እንጠብቅ? (ደብረ ብርሃን ዙሪያ)

የባሶናው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቤተሰቦቼ ባሶና ወራና ናቸው፣ ገብሱ ደርሷል ግማሹ ታጭዶ ነዶው ማሳው ላይ ተኝቷል ግማሹ ደሞ ገና ቆሟል። ስልኬ ላይ የሳምንቱን ሳየው ሰኞና ማክሰኞ ፀሐይ፣ ረቡዕ ደመና፣ ሐሙስ ዝናብ 60 ፐርሰንት፣ አርብና ቅዳሜ ጥርት ያለ ሰማይ ሆኖ ሌሊቱ 3 ዲግሪ ይላል። ለአባባ ደውዬ ስነግረው "በህዳር የምን ዝናብ ነው፣ ሰማዩ ላይ ያለው ባዘቶ ነው እሱ አይዘንብም" አለኝ። ግን አምና ልክ በዚህ ሰሞን ሳይታሰብ ዘንቦብን እናቴ ነዶውን ገለጥ ስታደርገው ፍሬው ከነዛላው ጎንቁሎ ነጭ ስር አውጥቶ አገኘችው፣ ለከብት ነው የሆነው። እና ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ደመና ለይቶ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ፣ ማንን እንመን?

ቀና በል፦
አርባ ምንጭ ሜትሮሎጂ ነው የተማርኩት የማውቀውን ልንገርህ። አባትህ ልክ ናቸው፣ ባዘቶ የሚመስለው ቀጭኑ ነጭ ደመና ሲረስ ነው የሚባለው፣ ከ6 ኪሎሜትር በላይ ያለ ሁለመናው በረዶ ቅንጣት ስለሆነ ከሱ መሬት የሚደርስ ጠብታ የለም። ዋናው ጥያቄ ግን ነገ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ባዘቶው ተበታትኖ ከጠፋ ተረጋጋ። እየተያያዘ ሰማዩን እንደ ስስ ነጠላ ከሸፈነው፣ ፀሐይ ወይ ጨረቃ ዙሪያዋን ቀለበት ከሰራች፣ ከዛ ግራጫ ሆኖ ወፍሮ ፀሐይዋ ደብዝዛ ጥላህ መሬት ላይ አልታይ ካለህ (ይሄ አልቶስትራተስ ነው) እርጥበቱ ወደታች እየወረደ ነው ማለት ነው፣ ባብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ሊዘንብ ይችላል። ሁሌ ይሰራል አልልህም ግን በበጋ ለሚመጣው ዝናብ ጥሩ ምልክት ነው፣ ምክንያቱም የበጋው ዝናብ እንደ ክረምቱ አይደለም። ክረምት ላይ ጠዋት ስሩ ጠፍጣፋ የሆነ ኩሙለስ ይነሳና ከሰዓት እንደ ተራራ ተቆልሎ ኩሙሎኒምበስ ሆኖ ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ይወርዳል፣ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። የህዳሩ ግን ቀስ ብሎ ከላይ ነው የሚጀምረው።

60 ፐርሰንት ማለት ደሞ ቀኑን 60 ፐርሰንት ይዘንባል ማለት አይደለም፣ እንዲህ ያለ ትንበያ 10 ጊዜ ቢሰጥ 6 ጊዜ ያህል ይዘንባል ነው። ለታጨደ ነዶ ይሄ ቀላል አይደለም፣ እኔ ብሆን አነሳው ነበር።

ደብረ ሲና፦
እኔ የምጨምረው የኛን ትንበያ አይታችሁ ለናንተ እንዳትወስዱት። ስልኩ አገሩን በትልልቅ ካሬ ከፍሎ ነው የሚያሰላው፣ እዚህ ግን ደጋውና ቆላው በገደል ተለያይቶ አጠገብ ለአጠገብ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት ሸዋ ሮቢት ደሞ 1,300 ገደማ፣ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ተኩል ዲግሪ ቁጠር፣ 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ማለት ነው። ጣርማበር ላይ ጉም ተኝቶ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገድ ሲያይ ያላየ የለም መቼስ፣ እሱ ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ቀዝቅዞ መሬት ላይ የተኛ ደመና ነው እንጂ ዝናብ ይመጣል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ጉሙን አይቶ ይደናገጣል፣ አንድ ሰዓት ነድተህ ደብረ ብርሃን ስትገባ ፀሐይ ነው።

ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ነኝ፦
ወንድሜ ከሐሙሱ ይልቅ አርብ ሌሊትን ያላያችሁት መሰለኝ። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፣ ሰማዩ ሲጠራ ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ትለቀዋለች፣ ንፋስ ከሌለ ደሞ ውርጭ ነው። ስልኩ 3 ሲል ወደ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን አየር ነው፣ ሳሩ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የደረሰ ገብስ ውርጭ አይጎዳውም፣ ባቄላችሁ ገና እሸት ከሆነ ግን ያጠቁረዋል። ለገብሱ፣ የታጨደውን ቅድሚያ ስጡት፣ ስሩ ድንጋይና ጭራሮ አንጥፋችሁ ዛላውን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ጫፉን አሹላችሁ ከምሩት። እርጥብ ነዶ ግን እንዳትከምሩ፣ ይሻግታል። የቆመው ዝናብ ቢመታውም ቶሎ ይደርቃል፣ ጊዜ ካጠራችሁ እሱን ለመጨረሻ ተዉት።

የባሶናው ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ማታ አባባ ራሱ ደወለ፣ "ጨረቃዋ በረት ሰርታለች" አለኝ፣ እኔም ቀና በል ያለውን አነበብኩለት። ረቡዕ ደቦ ተጠራ፣ ነዶው ሁሉ ተነስቶ ተከመረ። ሐሙስ ወደ 9 ሰዓት ካፊያ ጀምሮ እስከ ማታ አላባራም። ትናንት ሌሊት ደሞ ሰማዩ ኩልል ብሎ ጠራ፣ ጠዋት ገለባው ላይ አመዳዩ ጨው የተነሰነሰ ይመስል ነበር አለች እናቴ። የባቄላው ዳር ዳሩ ጠቁሯል። ክምሩን እጇን አስገብታ አየችው፣ ደረቅ ነው።