«ቀላዋጭ» ለሲጋራና ለታክሲ ሂሳብም ይባላል?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ቃል አላላውስ ብሎኛል። ቱሉ ዲምቱ ለሰፈራችን ወጣቶች አጭር አስቂኝ ድራማ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ሰውዬ በሰው ኪስ የሚኖር ነው። ሲጋራ ገዝቶ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል።

«ቀላዋጭ» ልለው አሰብኩ። እኔ የማውቀው ግን ከምግብ ጋር ነው። ምሳ ሲቀርብ ከች ብሎ፣ «ና ብላ» እስኪባል መሶቡን እያየ ምራቁን የሚውጥ። ለማኝ እንኳ አፍ አውጥቶ ይጠይቃል፤ ቀላዋጭ የሚለምነው በዓይኑ ነው። እናቶችም ልጅ የሰው እጅ ሲያይ «አትቀላውጥ!» ይላሉ። «ቀላዋጭ ወጥ ያውቃል» የሚለው ተረትም ያው ከወጥ አልወጣም።

ጎረቤቴ እትዬ «ለሲጋራማ አይሆንም፣ ቃሉ የማዕድ ነው» ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ ቃሉን ጭራሽ አያውቁትም፤ «ችስታ በለው» ይሉኛል። ችስታ እኮ ብር ያጣ ነው፣ የኔው ሰውዬ ደሞዝተኛ ነው!

እስቲ እርዱኝ። ከምግብ ውጭ «ቀላወጠ» ሲባል የሰማችሁ አላችሁ? የት አገር? ፊት ለፊት «አንተ ቀላዋጭ» ማለትስ ቀልድ ነው ወይስ የሚያጣላ ስድብ? አባባሉን እንደሰማችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።