የነርሲንግ ተማሪዎች የአደጋ ዝግጁነት፦ የጋራ ፕሮፖዛሉ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፣ ደሴ፦ ጤና ይስጥልን። ከውጭ አጋሮቻችን ጋር የምናስገባው ረቂቅ አሁንም በመጠይቅ ብቻ የቆመ ነው። መነሻው የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው የአደጋ ነርሲንግ ብቃት ዝርዝር እንዲሆን ተስማምተናል። የቀረው አለካኩ ነው።

ሥልጠና ክፍል፣ ኮምቦልቻ፦ መጠይቅ የሚለካው ልበ ሙሉነትን ነው። «ትሪያጅ (ተጎጂዎችን በጉዳታቸው ክብደት መለየት) መሥራት እችላለሁ» ለሚለው አንዴ ሌክቸር የሰማ 5 ይሞላል፣ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ያየ 3። ራስን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት በሆነበት አገር ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን ይወርዳል። መጠይቁ ይቆይ፤ ከጎኑ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ልምምድ ይግባ። 20 «ተጎጂ»፦ 4 ቀይ (አስቸኳይ)፣ 6 ቢጫ (መቆየት የሚችል)፣ 8 አረንጓዴ (ቀላል ጉዳት)፣ 2 ጥቁር (የሞተ ወይም የመዳን ተስፋ የሌለው)። በስታርት፣ ማለትም ብዙ ተጎጂን በፍጥነት በቀለም በሚለየው ዘዴ፣ መራመድ የሚችሉት 8ቱ ቀድመው ተጠርተው ይወጣሉ፤ ለቀሩት 12 በነፍስ ወከፍ ቢበዛ 60 ሰከንድ።

ክሊኒካል ተቆጣጣሪ፣ ደሴ፦ እደግፋለሁ፣ ግን የደም ዝውውርን ለማየት ጥፍር መጫኑን አውጡት። ዘዴው ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደም በ2 ሰከንድ ካልተመለሰ ቀይ ነው ይላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ሆና፣ በሐምሌ ዝናብ የቆመ ጤነኛ ጣትም ይዘገያል። የእጅ አንጓ ትርታ አለ ወይስ የለም? ይበቃል። ይቆጠር አላልኩም! ተማሪ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ዎርድ ላይ እንደለመደው ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል። የሚቆጠረው ትንፋሽ ነው፦ በ15 ሰከንድ 8 ከሞላ በደቂቃ ከ30 አልፏል፣ ቀይ። የማይተነፍስ ከሆነ የአየር መንገዱ ይከፈት፤ ተነፈሰ፣ ቀይ፤ አልተነፈሰም፣ ጥቁር። ደረት መጫን የለም። ይህ ለተማሪ ከሁሉ ይከብዳል፣ ደቂቃውም የሚያልቀው እዚያው ነው።

ሎጂስቲክስ፣ ኮምቦልቻ፦ ሲስተር ያለችው ልክ ነው። በተጎጂው ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ ላሚኔት ይደረግ (በፕላስቲክ ይሸፈን)፤ ተራ ወረቀት በክረምት ቀለሙ ይፈስና ቀዩና ቢጫው ይቀላቀላል። ጽሕፈቱ በማይለቅ ማርከር፣ ማንጠልጠያውም ከጋቢና ከጃኬት በላይ ይሁን። የልምምዱን የአደጋ ታሪክ በተመለከተ፣ ደሴ ከጦሳ ሥር የመሬት መናድ፣ እኛ የቦርከና ጎርፍ ብንወስድ ችግር የለውም፤ ጉዳቱ ግን ካርድ ለካርድ አንድ ካልሆነ ማወዳደር አይቻልም። የመሬት መንቀጥቀጥ የጃፓን ጉዳይ ነው ያላችሁ ካላችሁ፣ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬው ነበር፤ ያውም እዚሁ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ።

ጸሐፊ፦ ሁለት ነገር። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብለን የሞላነው ውጭ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር ሌሊት 3 (በእኛ ሌሊት 9) ሆኖ ይነበባል፤ ከፊሽካው ጀምሮ ያለፈው ደቂቃ ብቻ ይጻፍ። «3ኛ ዓመት» የሚለውም በየአገሩ ስለሚለያይ በሆስፒታል ልምምድ ሰዓት ይተካ።

ሰብሳቢ፦ ተቀብለናል። ሥልጠና ክፍል 20ዎቹን ካርዶች ይጻፍ፤ ሁለት ሰው ተለያይቶ ወደ አማርኛ ይመልስና ልዩነቱን አብረን እናያለን። ለቀበሌና ለፖሊስ ደብዳቤው ቀድሞ ይድረስ፤ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አስፋልት ዳር የተኛ ልጅ ያየ ሰው እሪ ማለቱ አይቀርም።