የወፍጮ እንጉርጉሮና ሙሾ፦ በግጥሙ ውስጥ ያለው ሕይወት የማን ነው?

የሞላሌዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬን የምሠራው በሴቶች ቃል ግጥም ላይ ነው። ቦታው በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ማማ ምድርና ከተጉለት ጥቂት ቀበሌዎች ናቸው። እስካሁን 31 የወፍጮ እንጉርጉሮና 12 ሙሾ በስልክ ቀድቻለሁ። ረቂቁን ሳስገባ አማካሪዬ ከርእሱ ጎን «የሴቶች ሕይወት ትያለሽ፤ የማን ሕይወት? የምታንጎራጉረዋ፣ የግጥሙ ‹እኔ› ወይስ የአገሩ ሴት ሁሉ?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ስለ አማት ክፋት፣ ስለ ባል ዱላ፣ በልጅነት ስለ መዳር በግጥሙ የሚነሳውን እንደ ማስረጃ ልጠቅሰው እችላለሁ? ደግሞም እህሉ ሁሉ በሞተር ወፍጮ ስለሚፈጭ ሴቶቹ ግጥሙን ያሉልኝ ቁጭ ብለው፣ ያለ ወፍጮ ነው። ይህ ዋጋ ያሳጣዋል? ከጽሑፍ ምንጭስ ምን ከጎኑ ባስቀምጥ ይሻላል?

ወስፌ፦

እህቴ፣ አማካሪሽ የነኩት ዋናውን ነገር ነው። የወፍጮ ግጥም «እኔ» የተወረሰ «እኔ» ነው። አንዲት ሴት «አማቴ እንዲህ አለችኝ» ብላ ስታንጎራጉር አማቷ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ይሆናል፤ ወይም ደግ አማት ኖረዋት ስንኙን ከእናቷ ሰምታ ይዛው ይሆናል። «እማማ እከሊት በአማታቸው ተበድለዋል፣ ግጥማቸው ይመሰክራል» ብለሽ ከጻፍሽ ፈታኙ በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል። ልትይ የምትችይው ሌላ ነገር ነው፦ ምራት በመሶቡ ዙሪያ አፍ አውጥታ የማትናገረውን በወፍጮው ላይ ሆና ስትለው አማቲቱ ከጓዳ ማዶ እየሰማች እንዳልሰማች ታልፋለች። ይህ ፈቃድ ራሱ የሕይወታቸው አካል ነው፤ ማስረጃውም በእጅሽ ያለው ስለዚህ ፈቃድ ነው።

የግለሰቧን ሕይወት ማግኘት ከፈለግሽ መንገዱ ንጽጽር ነው። አንዱን ስንኝ ቢያንስ ከሦስት ሴቶች ቅጂ፣ ጎን ለጎን ጻፊና የተለያዩትን ቃላት አስምሪባቸው። ሁሉም ዘንድ ያው የሆነው የጋራው ነው። አንዷ «አማቴ» ያለችውን ሌላዋ «እንጀራ እናቴ» ካለችው ግን እዚያች ቃል ላይ ቁሚና ስለ እንጀራ እናቷ ጠይቂያት። 31 ግጥም ከ31 ሴት፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። 10 ስንኝ መርጠሽ ተመልሰሽ ሂጂ።

ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ገጽ መግለጫ ይኑርሽ። ቁጥርና ቀን፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ከየት አገር ተድራ እንደመጣች፣ ስንተኛ ትዳሯ እንደሆነ፣ ግጥሙን ከማን እንደተማረችው፣ ምን እህል ይፈጭ እንደነበረ፣ ቤት ውስጥ ማን ማን እንደነበረ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባል በረንዳ ላይ ተቀምጦ የተቀዳ ግጥምና ሴቶች ብቻቸውን ሆነው የተቀዳ ግጥም እንደ አንድ ዓይነት ማስረጃ አይቆጠሩም። መቅጃውንም ግጥሙ ሲጀመር ሳይሆን ከአምስት ደቂቃ በፊት ክፈቺው፤ ሲያበቃም አታጥፊ። ሴቶቹ ስቀው «ይቺማ የእከሊት ናት» ወይም «ኧረ ይህስ አይቀዳ» የሚሉት ያኔ ነው። ከስንኙ በላይ የሚነግርሽ እሱ ነው፤ የምትጠቅሺው ግን ፈቅደውልሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለ ሞተር ወፍጮው፦ ዋጋ አያሳጣውም፤ ግን ዐውደ ክዋኔው (ግጥሙ የተባለበት ሁኔታ) ሰው ሠራሽ መሆኑን በግልጽ ጻፊ። ከዚያ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ የተቆላ ገብስ ይዘሽ ሂጂና በድንጋዩ ለበሶ እንዲፈጩልሽ ለምኚያቸው። ሁለት ሦስት ሴቶች እየተፈራረቁ ቢሆን ይመረጣል። እጅ ካልተንቀሳቀሰ ግጥሙ ወደ ንግግር ያዘነብላል፤ ቅጥያው (ለዜማ የሚጨመረው ቃል) ይቀራል፣ ስንኙም ይረዝማል። ሲሸረከትና ሲላም የእጁ ፍጥነት አንድ ስላልሆነ የትኛው ላይ እንደተባለም መዝግቢ።

በስልክ መቅዳቱን ተይው። ስልኩ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። በዚያ ላይ ራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው መጁ (የወፍጮው የላይኛው ድንጋይ) ሲያጓራ የሴትዮዋን ድምፅ ይውጠዋል። መቅረጫ ተዋሺ፤ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል)፣ 48 ኪሎ ኸርትዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ አድርጊው። በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋ ባይት፣ በሰዓት ወደ 520 ሜጋ ባይት ይወስዳል። አውቶማቲክ ማስተካከያውን አጥፊና ከፍተኛው ድምፅ በመቅረጫው መለኪያ ከ-12 ዲሲቤል በላይ እንዳይወጣ አድርጊ። ወፍጮው በተተከለበት መደብ ላይ ግን በፍጹም አታስቀምጪው፤ ንዝረቱ ሁሉ ይገባል። በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከአፏ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር፣ ዱቄቱ ከሚወርድበት በተቃራኒው ጎን ይሁን።

ዘቡልጋ፦

እኔ ስለ ጽሑፍ ምንጩ ልበል። መጀመሪያ ፍለጋሽን አስተካክይ። «ሰሜን ሸዋ» የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል ያለው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ያለው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። በማውጫ ስትፈልጊ ይደባለቁብሻል። ከዞኑ አከላለል በፊት የተሠሩት ጥናቶች ደግሞ በአውራጃ ስም ነው የተመዘገቡት። መንዝና ግሼ፣ ተጉለትና ቡልጋ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴ እያልሽ ፈልጊ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስትሄጂም «ሴቶች» በሚል ቃል ብቻ አትፈልጊ። የሴቶች ግጥም አብዛኛው የተቀመጠው «ሥነ ቃል»፣ «የለቅሶ ግጥሞች»፣ «የሠርግ ዘፈኖች» በሚል ርእስ ሥር ነው፤ ገጣሚዎቹ ሴቶች መሆናቸው አባሪው ውስጥ ካለው የስም ዝርዝር ካልሆነ አይታወቅም። አባሪውን ሳታዪ መልሰሽ አታስቀምጪ።

ከጎኑ የምታስቀምጪው ጽሑፍ ካስፈለገሽ ገድለ ክርስቶስ ሠምራን እመክርሻለሁ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የቡልጋ ሴት ናት፤ የአገርሽ ጎረቤት። ግዕዙን ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል። ባለትዳር፣ የብዙ ልጆች እናትና የትልቅ ቤት እመቤት ነበረች። በቁጣ ተነሥታ አገልጋይዋን በእሳት ትንታግ ገደለቻት፤ አገልጋይዋ በጸሎት ከተነሣች በኋላ ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፣ በኋላም በጣና ተጋደለች። ገድል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ቃል ኪዳኑ፣ ተአምሩ፣ የተጋድሎው ዓይነት በሌሎቹም ገድሎች አለና ያንን እንደ ግል ታሪኳ አትውሰጂው። የጸሐፊውም እጅ አለበት። እኔን የሚይዘኝ ያ የማጀት ትዕይንት ነው፤ እመቤትና አገልጋይ፣ እሳት፣ ቁጣ። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሴቶች ሕይወታቸው አንድ እንዳልሆነ በግልጽ ያሳያል።

ወደ ጥናትሽ ስመልሰው፣ በደህና ቤት ወፍጮ ላይ የምትቀመጠው ማን ነበረች? እመቤቲቱ ሳትሆን ገረዲቱ ናት። ካነጋገርሻቸው ሴቶች በልጅነቷ ሰው ቤት ተቀጥራ የፈጨችና በራሷ ጎጆ የፈጨች አሉ፤ የሁለቱን ግጥም «የሴቶች ሕይወት» ብለሽ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ከከተትሽው የጠፋብሽ ይህ ነው። ወስፌ በዘረዘረው መግለጫ ላይ «የማንን እህል ትፈጭ ነበር?» የሚል ጨምሪበት።

ብራና ማየት ካስፈለገሽ በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ አንስቷል፤ ቅጂዎቹ ሚኒሶታ ባለው በሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ተመዝግቦ ይታያሉ። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንኮበር የደረሱት አውሮፓውያን የጻፉትም አለ፤ ሴት ሲሉ ግን አብዛኛውን የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅንና ሚስታቸውን ወይዘሮ በዛብሽን፣ ቤተ መንግሥቱን ነው። ለወፍጮ ቤት ጥናት ብዙ አይረዳሽም።

እንጎቻ፦

ወስፌ ያሉት ለእንጉርጉሮ ትክክል ነው፤ ለሙሾ ግን እንዳለ አይሠራም። ሙሾ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ሟች አለው። ስንኙ ቢወረስም የተባለበት ሞት እውነተኛ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሕይወቱ የማን ነው ከተባለ መጀመሪያ የሟች ነው፤ አልቃሿ በሚስት አፍ፣ በእናት አፍ፣ በእህት አፍ እየገባች ነው የምታወርደው። በአንዱ ሙሾ ውስጥ «እኔ» ሦስት ጊዜ ባለቤት ሊቀይር ይችላል። በየስንኙ ጎን «በማን አፍ» የሚል ዓምድ አውጪና ሙዪው። ያን ካላደረግሽ የሟችን እናት ብሶት የአልቃሿ አድርገሽ ትተነትኛለሽ።

ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። ቀብር ላይ መቅረጫ ይዞ መቆም ነውር ነው፤ የእድሩ ዳኛ ቢፈቅድም ሐዘንተኛው ካልፈቀደ አይሆንም። ሠልስቱ አልፎ፣ ቢቻል ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጠይቂ። አልቃሿን ደግሞ ቤቷ ሄደሽ «እስኪ ሙሾ አውርጂልኝ» አትበያት፤ ሞት ሳይኖር በሰው ቤት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ከቤት ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ በቃል ትንገርሽ። ዜማው ይጎድላል፤ ግን ሳትሳቀቅ የነገረችሽ ስንኝ ይሻላል።

በሙሾ ውስጥ ነቀፋም አለ። አልቃሽ ለሟች ያልደረሰውን ወንድም፣ መሬት የቀማውን ዘመድ ስም ሳትጠራ ትወጋዋለች፤ የሰፈሩ ሰው ግን ያውቀዋል። የሰው ስም መቀየሩ አይበቃም፤ የቀበሌውን ስም፣ የወንዙን ስም ጭምር ካልቀየርሽ ጥናቱ መንደሩ ሲደርስ ጠብ ይሆናል። 12ቱን እንደገና በዚህ ዓይን አንብቢያቸው።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ልጨምር፤ የሠርግ ዘፈን ልትጨምሪ ካሰብሽ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው የምታገኚው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን «ዝፈኑልኝ» ብለሽ አትልፊ። ሐምሌና ነሐሴን ለመጻፍ ተይው፤ ወደ ቀበሌዎቹ የሚወስደው መንገድ ይበላሻል።

የሞላሌዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የ«ማን አፍ» ዓምዱን ትናንት ማታ በሦስት ሙሾ ላይ ሞከርኩት፤ እውነትም እናቲቱንና አልቃሿን አደባልቄ ነበር። አንድ ነገር ቀረኝ። ሰምና ወርቅ ያለበት ስንኝ ሲገጥመኝ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ስላቸው «እንዲያው ነው፣ ዘፈን ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? አጻጻፉስ?

ወስፌ፦

«ትርጉሙ ምንድን ነው» የትምህርት ቤት ጥያቄ ነው፤ ተፈተንኩ ብላ ትዘጋብሻለች። «ይህን ማን ቢሰማ ይቆጣል?» በያት፤ «የት ነው የማይባለው?» በያት። መልሱ ወርቁን ይዞ ይመጣል። ለማሳያ ያህል አንድ ስንኝ ልግጠምልሽ። ከማንም የተሰበሰበ አይደለምና ጥናትሽ ውስጥ እንዳትጠቅሺው፦

እናቴ ቤት ሳለሁ መጅም አልነበረኝ፣
አንተ ቤት ገብቼ መጅ ብቻ ተረፈኝ።

ሰሙ ድንጋዩ ነው፤ ትዳር ይዛ ያፈራችው ንብረት የወፍጮ መጅ ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ወርቁ እጇ ላይ ነው፤ መጅ ያወጣ፣ ከሥራ ብዛት የደደረ መዳፍ። ባል ቢቆጣ «ስለ ድንጋዩ ነው ያልኩት» ትላለች። «ማን ይቆጣል?» ብትያት «ባል» ካለችሽ በኋላ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ መዳፏን ልታሳይሽ ትችላለች። ያንንም ጻፊው፤ እንቅስቃሴው የክዋኔው ክፍል ነው፣ ድምፅ መቅረጫ ግን አይይዘውም።

አጻጻፉን በተመለከተ መጀመሪያ የተባለውን እንዳለ ጻፊ፤ የመንዙን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አታርሚ። የግጥሙን ቤት (ምጣኔውን) ለማወቅ በፊደል ሳይሆን በቀለም (በክፍለ ቃል) ቁጠሪ፤ ከላይ ያለው ስንኝ ስድስት ስድስት እየሆነ ይከፈላልና የወል ቤት ነው። አምስት አምስት ከሆነ ሰንጎ መገን፣ አራት አራት ከሆነ የቡሄ በሉ ቤት። አንዲት ሴት በወል ቤት ጀምራ መሐል ላይ ከሰበረችው ስሕተት ነው ብለሽ አታስተካክይ፤ መጀመሪያ ቅጂውን መልሰሽ ስሚው፣ ቅጥያ ወይም ትንፋሽ ይሆናል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ትርጉም በሚለይበት ቦታ ሁሉ ጠባቂው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጊ፤ ለምሳሌ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ኅብረ ቃሉም (ሰሙንና ወርቁን የያዘው ቃል) አንዳንዴ እዚያው ላይ ነው ያለው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ሙሉ የሥራ ቀን መድቢ፤ ወፍጮ ካለበት ደግሞ ከዚያም በላይ።

ቅጂውን ለሴቶቹ ስትመልሺላቸው በሜሞሪ ካርድ ይሁን፣ ኤምፒ3 አድርገሽ። በየቤቱ ያለው ካርድ የሚበላ ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ ዌቩን አንዳንዱ አያነበውም። ሙሾውን ግን እዚያ ካርድ ላይ አትጫኚ።