ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ሦስተኛ ዕጩ፦ ድምፅ መበተን ነው ወይስ አማራጭ?

የመነሻ ጥያቄ፦ በ2027 የቨርጂኒያ ሃውስ ኦፍ ዴሌጌትስ (የግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት፤ አባሉ «ዴሌጌት» ይባላል) 100 መቀመጫዎች በሙሉ ለውድድር ይቀርባሉ። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ካውንቲ ያለው ማኅበረሰባችን ከዴሞክራትም ከሪፐብሊካንም ያልሆነ ዕጩ ቢነሣ ይደግፈው ወይስ ይቅርበት? በማስረጃ ተከራከሩ።

የላንድማርኩ (የአሌክሳንድሪያ ሰፈር ነው)፦ እኔ አልደግፍም። በ2017 በኒውፖርት ኒውስ፣ በ94ኛው የምርጫ ክልል የሆነውን ተመልከቱ። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲና ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ፤ ሦስተኛው ዕጩ፣ የትንሹ የሊበርታሪያን ፓርቲ ሰው፣ 675 ወሰደ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስማቸው ሸክላ ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ተጣለ፣ ለያንሲ ወጣ። ሪፐብሊካኖችም 51 ለ49 ሆነው ምክር ቤቱን ያዙ። ከ675ቱ አንድ ሰው ብቻ ለሳይመንድስ ቢሰጥ ኖሮ 50 ለ50 ይሆን ነበር።

እህት ከስካይላይን፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ያ አንድ ሰው ለያንሲ ቢሰጥስ? ሊበርታሪያን የሚመርጠው አንዱ ግብር ይቀነስ ባይ ነው፣ ሌላው ማሪዋና ይፈቀድ ባይ፣ ሌላው ደግሞ ሦስተኛ ስም ባይኖር ከቤቱም የማይወጣ። በዚያ ላይ ውጤቱን እኩል ያደረገው አንድ ወረቀት ነው። ድጋሚ ቆጠራው ሲያልቅ ሳይመንድስ 11,608 ለ11,607 መርታ ነበር። በማግስቱ ሦስት ዳኞች ሳይቆጠር የቀረ አንድ ወረቀት አዩ፤ በሁለቱም ስም ጎን ያለው ክብ ጠቁሯል፣ በሳይመንድስ በኩል ግን ሰረዝ ተሠምሮበታል። መራጩ የፈለገው ያንሲን ነው ብለው ቆጠሩት። ለሕዝባችን ደጋግመን መንገር ያለብን ይህን ነው፦ ከተሳሳታችሁ በላዩ ላይ አትሰርዙ፤ ወረቀቱን መልሳችሁ አዲስ ጠይቁ፣ ይሰጣችኋል።

የላንድማርኩ፦ የወረቀቱን ነገር እቀበላለሁ። ሕጉ ግን ያው ነው። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም፣ ሁለተኛ ዙር የለም። ሁለት ተቀራራቢ ዕጩዎች በአንድ ክልል ከቆሙ የሚጠቀመው ሦስተኛው ነው። አገር ቤት ያለው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓትም በዚህ በኩል ያው ስለሆነ ለማናችንም አዲስ ነገር አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ እንደ ሜይን ግዛት መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በደረጃ ቢመርጥና የመጨረሻው ሲወድቅ ድምፁ ወደ መራጩ ሁለተኛ ምርጫ ቢዛወር ችግሩ ይፈታ የለም?

የምርጫ ሕግ ተከታታይ፦ ሜይን ለዚህ ምሳሌ አትሆንም። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ለገዥና ለግዛት ምክር ቤት ከግማሽ በላይ ባይሆንም ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ስለሚል፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 በሰጠው አስተያየት የደረጃ ምርጫው ከዚህ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል አለ። ስለዚህ ሜይኖች በደረጃ የሚመርጡት በፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩአቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) እና ለፌዴራል ወንበሮች ነው። ለግዛት ምክር ቤት የምትጠቀምበት አላስካ ናት። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ የፈቀደችው ለከተማ ምክር ቤትና ለካውንቲ ቦርድ ብቻ ነው፤ አርሊንግተን በ2023 ፕራይመሪ ሠርታበታለች። ለዴሌጌት የለም።

ፊርማ አስፈራሚ፦ ክርክሩ መልካም ነው፤ ግን ዕጩው መጀመሪያ ስሙን ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ማስገባት አለበት። የሚያስፈልገው 125 የተመዘገቡ የክልሉ መራጮች ፊርማ ነው፤ ለግዛቱ ሴኔት ቢሆን 250። ፊርማ ከምርጫው ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሰበሰባል፣ ማስረከቢያው የጁን ሦስተኛ ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ የለም።

125 ይዞ የሄደ ይወድቃል፤ 250 ይዛችሁ ሂዱ። በእኛ አካባቢ ፊርማ ውድቅ የሚሆነው በብዛት በአድራሻ ምክንያት ነው። ፖስታው «አሌክሳንድሪያ» የሚለው ብዙ ቤት የሚገኘው ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስም ፖስታቸው «ፎልስ ቸርች» ቢልም ፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው። ስለዚህ በከተማ ስም አትገምቱ፣ እያንዳንዱን አድራሻ በግዛቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አጣሩ። ቤት ቀይሮ ምዝገባውን ያላዛወረ ሰው ሌላው ችግር ነው። ፈራሚው የመኖሪያ አድራሻውን እንጂ የፖስታ ሣጥን አይጽፍም፣ ቀኑንም ይሞላል።

ቅጹ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ መታተም አለበት። አስፈራሚው ሰዎቹ ሲፈርሙ በዓይኑ ማየት አለበት፤ ወረቀቱን ሬስቶራንት ባንኮኒ ላይ ትቶ መሄድ አይቻልም። በመጨረሻም ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ቀርቦ ጀርባው ላይ ያለውን ቃለ መሐላ ይፈርማል። ኖተሪ የሆነ ሰው ራሱ ያስፈረመውን ራሱ ማረጋገጥ አይችልም። ኖተሪ ያላየው ገጽ ሙሉ በሙሉ ይጣላል፣ ስንት ፊርማ ቢኖርበትም።

እህት ከስካይላይን፦ ግሪን ካርድ ያላቸው ወገኖቻችን ይፈርማሉ?

ፊርማ አስፈራሚ፦ አይፈርሙም። ፈራሚው የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት፣ መራጭ ለመሆን ደግሞ ዜግነት ያስፈልጋል። ልፈርም ብሎ ለመራጭነት የተመዘገበ ሰው የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ከባድ አደጋ ላይ ይጥላል። ገንዘብ መስጠትና በነፃ ማገልገል ግን ይችላሉ። በሌላ ቪዛ ያለ ሰው ገንዘብም መስጠት አይችልም።

አንጋፋው፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። «በዴሌጌት ወንበር ጀምረን ፓርቲ እንገነባለን» የሚሉ አሉ። የቨርጂኒያ ሕግ ፓርቲ ብሎ የሚያውቀው በመላው ግዛቱ ለሚመረጥ ሥልጣን ቢያንስ 10 ከመቶ ያገኘውን ነው። በ2013 ሊበርታሪያኑ ሮበርት ሳርቪስ ለገዥነት ተወዳድሮ 6.5 ከመቶ አግኝቶ እንኳ አልደረሰም። በአንድ ክልል የምታገኙት ድምፅ፣ 30 ከመቶም ቢሆን፣ ለዚያ አይቆጠርም። በሚቀጥለው ጊዜም እንደገና ፊርማ ትሰበስባላችሁ።

እህት ከስካይላይን፦ አባባ፣ ልክ ነዎት፤ ግን መቀመጫው ያለ ፓርቲም ይያዛል። ከቤድፎርድ አካባቢ የመጡት ሌሲ ፑትኒ ከ1962 እስከ 2014 ዴሌጌት ነበሩ፣ ከ1967 በኋላ በግል ተወዳዳሪነት። የበጀት ኮሚቴውን እስከ መምራት ደርሰዋል።

አንጋፋው፦ ፑትኒ መጀመሪያ የገቡት በዴሞክራትነት ነው፤ የግል ሲሆኑ ሕዝባቸው ያውቃቸው ነበር። የበጀት ኮሚቴውንም የመሩት ከሪፐብሊካኖች ጋር ወግነው ነው። በሃውስ ኮሚቴ የሚመድበው አፈ ጉባኤው ነው። ከማንም ያልወገነ ዴሌጌት የማይረባ ኮሚቴ ይሰጠውና የሚያቀርበው ረቂቅ ሕግ ንዑስ ኮሚቴ ላይ ይሞታል።

የላንድማርኩ፦ እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው። ፊርማ ሊጠይቅ የመጣ ዕጩ ሁሉ ምክር ቤቱ በሚከፈትበት በመጀመሪያው ቀን፣ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ፣ ለማን አፈ ጉባኤ ድምፅ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይንገረን። ካልነገረን አልፈርምም።

ፊርማ አስፈራሚ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም እጠይቀዋለሁ። ግን ፊርማ ድምፅ አይደለም። ፈርመህ በኖቬምበር ሌላ ሰው መምረጥ ትችላለህ። ዕጩው ክርክር መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲና ኡበር ሾፌሮች፣ ስለ ትምህርት ቤት አስተርጓሚ እንዲጠየቅ ከፈለግን መጀመሪያ ስሙ ወረቀቱ ላይ ይግባ።

የላንድማርኩ፦ በዚህ እንለያያለን። ስሙ ከገባ በኋላ ማን እንደሚጎዳ መቆጣጠር አንችልም። ባለፈው ምርጫ በክልሉ አሸናፊው ተከታዩን በ20 ከመቶ ልዩነት የረታ ከሆነ እፈርማለሁ፤ በ2 ከመቶ ከሆነ አልፈርምም።