ለተጎዳ ገበሬ ስንዴ ይሻላል ወይስ ብር?

የማራኪው፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። በጦርነቱና በድርቁ ለተጎዳው የሰሜን ጎንደር ገበሬ ርዳታው በእህል ይምጣለት ወይስ በብር? እኔ በብር ባይ ነኝ። እህል ሲሆን መሀል ላይ ብዙ እጅ ይገባበታል። በ2015 ሰኔ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ርዳታ ያቆሙት ለምን ሆነና? ለተቸገረ የመጣ ስንዴ ገበያና ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ስለተገኘ ነው። ሰራቂው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ሌላ!

የአዘዞው ነጋዴ፦ ብርስ አይሰረቅም እንዴ ወንድሜ? የተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ያልተቸገረ ሰው ስም ከገባ ብሩም መንገዱ ያው ነው። ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ሲጀመር ከእህል ብር ይሻላል ተብሎ ነበር፣ 2000 ላይ እህል ሲወደድ ግን ያ ብር የሚሸምተው እያነሰ ሄዶ ብዙ ሰው እህሉን ስጡን አለ። ጃን አሞራና በየዳ ወረዳዎች ድርቅ ሲገባ እህል ከገበያው ራሱ ይጠፋል። ታዲያ ብር ይቆረጠማል?

የዳባቷ፦ ሁለታችሁም ከተማ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። አክስቴ ዳባት ገጠር ናት። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ በሬዎቿ ታረዱ፣ ጎተራዋም ተራገፈ። በኋላ ስንዴ መጣላት፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እሱ ባይኖር ልጆቿ አይተርፉም ነበር። ግን ለወፍጮ፣ ለአህያ ጭነት፣ ለጨውና ለበርበሬ ብላ ከዚያው ላይ እየቀነሰች ሸጠች። ገዢው ደግሞ የርዳታ እህል መሆኑንና እሷም እንደቸገራት ያውቃል፣ ዋጋ ሰብሮ ነው የሚወስደው። ክረምቱ ሲገባ በሬ የለ፣ ዘር የለ፣ መሬቷ ጦሙን አደረ። አንድ ሰው እንኳ ቀርቦ ምን ጎደለሽ አላላትም። የገብስ ዘር የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ ቢመጣ ተቆልቶ ይበላል እንጂ ምን ያደርጋል?

ጋሼ፦ እውነት ብለሻል ልጄ። በ77ቱ ረሃብ ጎንደር ውስጥ እብናት መጠለያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሚያዝያ ላይ ባንድ ጊዜ ወደየቀያችሁ ሂዱ ተብሎ ተበተነ። ሰው ቤቱ ገባ ማለት ተቋቋመ ማለት አይደለም። በሬና ዘር ሳይዝ የገባ ሰው በዓመቱ ተመልሶ ርዳታ ፈላጊ ነው።

የማራኪው፦ ጋሼ፣ ብር ቢሰጣት እኮ በሬውንም ዘሩንም ራሷ ትገዛ ነበር።

የዳባቷ፦ በሬ የሚገዛ ብር ማን ሰጥቶ? የሚታደለው ብር ከወር ወር አያደርስም። በሬ የሚገዛ ከሆነ ባንድ ጊዜ ይሰጣት፣ እኔም ካንተ ጋ ነኝ። እህል በጠፋበት ወር ግን ስንዴ ነው የሚያድነው። ወሩና ቦታው ይለያያል፣ ርዳታ ሰጪዎቹ ደግሞ ለበየዳም ለዳባትም አንድ ነገር ነው የሚያወርዱት።

የአዘዞው ነጋዴ፦ በዚህ እስማማለሁ። በስንዴም በብርም ይሁን ግን ዝርዝሩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሙስሊሞቹም አርብ መስጊድ ደጃፍ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ ማን በሬ እንዳለውና ማን እንደሌለው ኮሚቴው አይነግረውም።

የዳባቷ፦ ይነበብ። ዘሩስ? ከመዝሪያው ጊዜ በፊት ካልደረሰ እኮ ረፈደ።