«ፌም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?

ባለሱቁ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ደብተሯን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ፌም» በሚለው ቃል አረፍተ ነገር ስሩ ተብለው ነበር። እሷ ስለ አበበ ቢቂላ ጻፈች፦ «አበበ ቢቂላ ጋት ኤ ቢግ ፌም ኢን ሮም።» ሮም ላይ ትልቅ ዝና አገኘ ለማለት ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል። ከጎኑ አንድም ቃል የለም።

ታሪኩን ያወራኋት እኔ ነኝ። በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እንደጨረሰ በቃሏ ታውቀዋለች። ኤክሱ ሁለታችንንም ነው ያሳዘነን። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ጠዋት ከመሄዷ በፊት ልነግራት እፈልጋለሁ።

ጡረተኛ መምህር

ወንድሜ፣ የልጅህ ሐሳብ ምንም አልጎደለውም። የተሰናከለችው «ኤ» እና «ቢግ» ላይ ነው። ፌም እንደ ውሃ አይቆጠርም፤ እኛስ መቼ «ሁለት ዝና» እንላለን? ስለዚህ «ኤ» አይቀድመውም፣ «ፌምስ» ተብሎም አይበዛም። «ቢግ»ን ያመጣችው ከአማርኛው «ትልቅ ዝና» ነው። በእንግሊዝኛ «ግሬት ፌም» ይባላል። ዓለምን ያዳረሰ ከሆነ «ወርልድዋይድ ፌም»። «ጋት»ንም በ«ዎን» ትቀይረው፦ «አበበ ቢቂላ ዎን ግሬት ፌም ኢን ሮም።» እዚህ ላይ «ዎን» አተረፈ ማለት ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው «ሂ ሮዝ ቱ ፌም ኢን 1960» የሚለውን ነው። ትናንት ብዙ ሰው የማያውቀው ሰው ስሙ ሲገን እንዲህ ይባላል። ለአበበ ልክክ ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ንገራት። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ «ፋማ» ነው፤ ወሬ ማለት ነው። እኛም «ዝናህን ሰምቼ መጣሁ» እንል የለ? ዝና በጆሮ የሚገባ ነገር ነው። እንዲህ ከያዘችው አትረሳውም።

የዲሲዋ

መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ስለ ዘመዶቹ ቃላት ልጨምር። «ፌመስ» ዝነኛ ነው። በምን እንደታወቀ ለመናገር «ፎር» ይከተለዋል፦ «ላሊበላ ኢዝ ፌመስ ፎር ኢትስ ሮክ ቸርችስ።»

«ኢንፈመስ»ን ግን አደራ! አሜሪካ በመጣሁ በዓመቱ ሬስቶራንት ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ለአንድ ደንበኛ ዶሮ ወጣችንን ላሞግስለት ብዬ «አወር ኢንፈመስ ዶሮ ወጥ» አልኩት። «ኢን» ሲጨመርበት የሚያጠናክረው መስሎኝ ነው። ሰውየው ሜኑውን ዝቅ አድርጎ ዝም ብሎ አየኝ። ያዘዘው ምስር ነበር። ኋላ ጓዳ ስገባ አብራኝ የምትሰራ ልጅ «በክፉ የታወቀ ማለት እኮ ነው» አለችኝ። በጣም አፈርኩ፤ የሚያርመኝ ሰው ቀድሞ አልነበረማ። አነባበቡም «ኢን-ፌመስ» አይደለም፤ ድምፁ የሚጠብቀው «ኢን» ላይ ነው። ልጅሽን... ይቅርታ፣ ልጅህን ዛሬውኑ ንገራት፣ እንደኔ ሰው ፊት እንዳትማረው።

ሯጩ

«ሆል ኦፍ ፌም» የሚለውንም ትያዝ። የዓለም አትሌቲክስ በ2012 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የዝነኞች መዝገብ ሲከፍት መጀመሪያ ከገቡት ውስጥ አበበ ቢቂላ አለበት፣ ከጄሲ ኦውንስ ጋር። የልጅቷ አረፍተ ነገር ቦታውን ነው ያገኘው።

ባለሱቁ፣ ከደሴ

እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ የእርስዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ቁርሷን ሳትጨርስ ደብተሯን አወጣችና ጻፈች፦ «አበበ ቢቂላ ሮዝ ቱ ፌም ኢን ሮም።» ከዚያ ቶኪዮ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. እንደገና ማሸነፉን መጨመር ፈለገች፦ «ቶኪዮ ሜድ ሂም ኢቭን ሞር ፌመስ።» እዚህ ላይ ቆመች። «ሞር ፌመስ» ነው ወይስ «ፌመሰር»? ትምህርት ቤት ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነው።

ጡረተኛ መምህር

«ሞር ፌመስ»። ትክክል ጽፋለች፣ ትሂድ።