ለ4ኛ ክፍል ኮምፒውተር እንዴት ላስተምር?

የማራኪዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ 58፣ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 3 ናቸው። ማክሰኞ ዕለት በወረፋ እያስቀመጥኩ ማውስ ሳለማምድ መብራት ድርግም አለ። ተራ የደረሳት ልጅ ገና እጇን ማሳረፏ ነበር። «እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት?» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሆዴ ባባ። «ሲፒዩ ማለት…» እያልኩ በቃል ማስጠናትም አልፈልግም። የሞከራችሁት ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከአዘዞ፦
እህቴ፣ ለጊዜው ኮምፒውተሩን ተዪው። አንቺ ሮቦት ሁኚ። ልጆቹ ከበሩ እስከ ሰሌዳው የሚያደርስሽን ትእዛዝ ይጻፉ። የተጻፈውን ብቻ አድርጊ፤ ከወንበር ጋር ብትጋጪም እንኳ አትዙሪ። ስህተቱን ራሳቸው ፈልገው ያርሙ። ፕሮግራም መጻፍ ማለት ይኸው ነው።

ሌላም አለ። 5 ካርቶን ቁረጪና በአንድ ፊታቸው 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነጥብ ሳዪ። 5 ልጆች በዚሁ ቅደም ተከተል ይዘው ይቁሙ። «13 ስጡኝ» በያቸው። 8፣ 4 እና 1 ይገለጣሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ይገለበጣሉ። የተገለጠው 1፣ የተገለበጠው 0 ነው፤ 01101። ኮምፒውተርም ቁጥር የሚይዘው እንዲህ ነው። በ5 ካርቶን ከ0 እስከ 31 ይቆጠራል። «6ኛው ስንት ነጥብ ይኑረው?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። እኔ ክፍል 32 ያለው ከኋላ ወንበር የማይጠፋው ልጅ ነበር። ኒውዚላንድ ያሉ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዲህ ያሉ ትምህርቶችን «ሲኤስ አንፕለግድ» በሚል ስም በነፃ አውጥተዋል።

ከፒያሳ፦
ካርቶኑ ላይ እስማማለሁ፤ ኮምፒውተሩን ግን ጨርሰሽ አትተዪው። ስክራች የሚባለውን የልጆች ፕሮግራም መጻፊያ በፍላሽ አምጥተሽ ጫኚ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አማርኛም አለው። ልጆች ትእዛዙን እንደ ጡብ ይገጣጥሙታል። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያቀዱ ብቻ ይቀመጡ። ወረፋው በጣም ይቀላል።

የማራኪዋ መምህርት፦
ዛሬ ሮቦት ሆንኩ። ያቺ ያለቀሰችው ልጅ ሰሌዳው ላይ «5 እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር» ብላ ጻፈች። በ4ኛው እርምጃ ዴስክ መታኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን «ቆይ ቲቸር፣ አትንቀሳቀሺ!» ብላ ሮጠች። 5ን በመዳፏ አጥፍታ 3 ጻፈች። ከዚያ ጠመኔውን እንደያዘች «እንደገና ከበሩ ጀምሪ» አለችኝ።